ሰንሰለት ያለው ውታፍ

ወይዘሮ መፍቻ በቧንቧ ዕቃ መደብሩ ውስጥ ሦስተኛውን ሰንሰለት በጠሰች። አንዱን ጫፍ በጫማዋ ረግጣ፣ ሌላውን መዳፏ ላይ ጠምጥማ፣ ጎንበስ እንዳለች ስትመነጭቀው ጥቃቅኖቹ የብረት ኳሶች እንደ ተደፋ ሽንብራ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ባለመደብሩ ዝቅ ብሎ ለቀማቸው። ደንበኛው ናት፤ ስትቆጣም፣ ስትበርድም ያውቃታል።

ይህን ስም ያወጡላት የሙያ ጓደኞቿ ናቸው። ባል አግብታ አታውቅም፤ ወይዘሮነቱን ያገኘችው ከመፍቻው ጋር ነው። ዕድሜዋ አርባ አንድ ነው፣ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አራቱን ከቧንቧ ጋር ስትታገል ኖራለች። ክንዷ ከብዙ ወንድ ክንድ ይወፍራል፣ ምላሷም ከክንዷ አያንስም።

ባለመደብሩ ዘመናዊ የገንዳ መውረጃዎችን ደረደረላት። በጣት ጫን ሲሉት የሚዘጋ፣ ደግመው ጫን ሲሉት የሚከፈት አለ። ገንዳው ጎን ላይ ያለውን እንቡጥ ሲያዞሩት ከታች ክዳኑ የሚነሳም አለ። ሁሉም ያብረቀርቃሉ። እሷ የምትፈልገው ግን የድሮውን ነው። ከታች የናስ ቀለበት፣ ቀለበቱ ውስጥ የሚገባ የጎማ ውታፍ፣ ከውታፉ ደግሞ እስከ ገንዳው ጠርዝ የሚደርስ ሰንሰለት፤ ውሃው ሲበቃ ይዘው የሚነቅሉት። ይህን የሚጠይቅ ሰው ካየ ስንት ዘመኑ እንደሆነ ነግሯት ሳቀ። አልሳቀችለትም። አራተኛውን ሰንሰለት አንስታ ረገጠችው። ይኼኛው ኳስ ሳይሆን የውሻ ማሰሪያ የሚመስል፣ ቀለበት ከቀለበት የተያያዘ፣ መጋጠሚያው ሁሉ የተበየደ ነበር። መዳፏን ቀደደው እንጂ አልተበጠሰም።

«ይሄ ይሁን» አለች፣ ደሟን ሱሪዋ ላይ እየጠረገች።

ለማን እንደሆነ ጠየቃት። ለአባቷ መሆኑን ስትነግረው ፊቱ በራ። አባቷን የማያውቅ የሙያ ሰው የለም። ጠብታ ይሉታል፤ እሱ በገጠመው ገንዳ ሥር አንዲት ጠብታ ተገኝታ ስለማታውቅ ነው። ሰው ሁሉ አንቱ ይለዋል፣ ልጆቹም ጭምር፤ ይህን ታሪክ የሚሰማ ግን አንተ ቢለው አይፈረድበትም። ባለመደብሩ እጃቸው ይባረክ አለ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ አልጋ ላይ መዋሉን ሲሰማ ደግሞ አዝኖ፣ ካሉት ሁሉ ወፍራሙን ጥቁር ውታፍ መረጠላት። አዲስ ጎማ መጀመሪያ ላይ ቀለበቱን ሙጭጭ ብሎ እንደሚይዝ፣ እስኪላላ ድረስ ትንሽ እንደሚያስቸግርም ነገራት። እሷ ይህን አልሰማችም። ልቧ ያለው ሰንሰለቱ ላይ ነበር።

ጠብታ ሥራውን የሚፈትሽበት የራሱ መንገድ ነበረው። ገንዳውን አፉ ድረስ ይሞላና ልጁን ከሥሩ ያስተኛታል። ሲጀምር ሰባት ዓመቷ ነበር። የእጅ ባትሪ ይዛ፣ ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ተንጋላ፣ ከመጋጠሚያው ላይ ዓይኗን ሳትነቅል ግማሽ ሰዓት ትቆያለች። አንዲት ጠብታ ብትወርድ መናገር አለባት። ከዚያ እሱ ልብሱን አውልቆ ገንዳው ውስጥ ይገባና ታጣቢ እንደሚተኛው ተጋድሞ ሰንሰለቱን ይስባል። ውታፍ የሚሞከረው በሙሉ ገንዳ፣ ያውም ውስጡ ተኝተው ነው ይል ነበር፤ ሕፃንም ሽማግሌም ሳይጨነቅ ሊነቅለው ይገባል። እውነት ለመናገር እንዲህ የሚጠነቀቅ ባለሙያ ዛሬ ተፈልጎም አይገኝ።

ነገር ግን ልጅቷ ልጅ ነበረች። ጨለማ ውስጥ ግማሽ ሰዓት የተንጋለለ ልጅ ይተኛል። ጠብታዋ ወርዳ ሳታያት የቀረች ቀን «አንቺ ዕውር!» ይልና በእግሯ ጎትቶ ያወጣታል። ማጅራቷን ጨምድዶ እዚያው የሞላው ገንዳ ውስጥ ፊቷን ይደፍቀዋል። ዓይንሽን ግለጪ፣ ውሃ ምን እንደሚመስል እዪ እያለ ሲጮህ ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ሆኖ እንኳ ይሰማት ነበር። ሲያወጣት ታስመልሳለች፤ ስታስመልስ ወለሉን አቆሸሽሽ ብሎ መልሶ ይደፍቃታል። ሰው ቤት ከሆነ በሩን ዘግቶ ነው፤ በገዛ ቤቱ ከሆነ ለመዝጋት እንኳ አይጨነቅም። እሷ የምትጽናናው በመቁጠር ነበር። ሃያ ላይ ደረቷ ይቃጠላል፣ ሠላሳ ላይ ዓይኗ ውስጥ ቀይ ነገር ይመጣል፣ ከአርባ በላይ ቆጥራ አታውቅም።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሟ ሊያስጥላት ብሎ የአባቱን ጀርባ በጡጫ ደበደበ። አባትየው ዞር ብሎ እንኳ አላየውም፤ ክርኑን ብቻ ወደ ኋላ ሰነዘረ። የልጁ ግራ ጆሮ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም።

ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሰሞን እዚሁ ቤታቸው ውስጥ ሲደፍቃት እጇ ሰንሰለቱን አገኘ። ሳበችው። ውታፉ በአንድ ሳብታ ተነቀለ። ውሃው እየጎደለ፣ እየጎደለ ሄዶ አፍንጫዋ ብቅ አለ። ማጅራቷ አሁንም በአባቷ እጅ ነው፣ ውሃው ግን አመለጠው። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱ ሳይፈቅድላት ተነፈሰች። በማግስቱ አዲስ ዘመናዊ መውረጃ ይዞ መጣ። ሰንሰለቱን ነቅሎ ጣለና የሕፃን ጣት የማያዞረው ጠንካራ እንቡጥ ከገንዳው ጎን ግድግዳው ላይ ገጠመ። ጎረቤት መጥቶ አይቶ አደነቀ። እሷ ምን እንደተወሰደባት የምትነግረው ሰው አልነበራትም።

እንቡጡ እዚያው ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖረ። እናት ቀደም ብላ ሞታለች፣ ወንድምየው ቤቱን ጥሎ ወጥቷል፤ ስለዚህ ጠብታ ሲወድቅ የወደቀው እጇ ላይ ነው። ሐኪሙ ገላው እንዳይቆስል በሳምንት ሦስት ቀን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ይተኛ አለ። መጀመሪያ ያጠበችው ቀን ጭንቅላቱን ደግፋ ስታስተኛው መዳፏ ማጅራቱ ላይ አረፈ። ያ የበሬ አንገት ቀጥኖ አንድ እጇ ውስጥ ገባ። ትንሽ ጫን ብትለው የሚበቃው ነበር። እንደምንም አውጥታ አልጋው ላይ ካደረገችው በኋላ ኩሽና ገብታ ሁለት ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠች። ያስፈራት መናደዷ አልነበረም፤ ደስ ሊላት መቃረቡ ነበር።

ወዲያው ለወንድሟ ደወለች። ከዚያ ቤት ከወጣ ሃያ ዓመቱ ነው፣ ደጁን ረግጦ አያውቅም። በየተራ እንጠበው ብላ ለመነችው። አልችልም፣ ሳየው ምን እንደማደርግ አላውቅም አላት። እሷም እንደማታውቅ ነገረችው። ስልኩን ደህናው ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘና፦

«እታለም፣ ብቻ እጅሽ ላይ እንዳይቀር» አላት። «ለእሱ ብዬ አይደለም።»

የሰንሰለቱ ነገር የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአባቷ ግራ እጅ ይጨብጣል፣ ይስባል፤ ማዞር ግን አይሆንለትም። እንቡጡ ለእሱ እንደሌለ ነው። እሷ ደግሞ እጇን አላመነችውም። ስለዚህ ከእጇ የሚያስጥለውን ነገር እጁ ላይ ልታስርለት ቆረጠች። ያኔ የነሳትን ነው የምትሰጠው። ይህን ስታስብ አንዴ ኩራት፣ አንዴ ኀፍረት ይሰማታል።

ቅዳሜ ጠዋት አሮጌውን መውረጃ ልትፈታ ተቀመጠች። ዝጎ እምቢ አላት። መፍቻው ተንሸራቶ ጉልበቷን ላጠው። መዶሻ አነሳች። ሥራው የሚጠይቀው ሦስት ምት ነበር፣ እሷ ሃያ መታችው። ከእንቡጡ ጋር የግድግዳውን ሸክላ አረገፈችው፣ እንቡጡ ተቆርጦ ከወደቀ በኋላም ወለሉ ላይ አሳድዳ ቀጠቀጠችው። አባትየው ከአልጋው ሆኖ ምን እየሰበረች እንደሆነ ጮኾ ጠየቀ። ሥራ ላይ ነኝ አባባ አለችው፣ በደህና ድምፅ።

አዲሱን ስትገጥም ተረጋጋች። እጇ ሥራ ሲይዝ ሌላ ሰው ናት። የናሱን ቀለበት አስቀመጠች፣ ጎማውን ደረበች፣ ከሥር አጠበቀች። ሰንሰለቱን እስከ ታጣቢው ደረት እንዲደርስ አስረዘመችው፣ ጫፉ ላይ ጣት የሚያስገባ ቀለበት አበጀችለት። አንዲት ነገር ብቻ ዘለለች፤ በሙያዋ ሁሉ የዘለለቻት ነገር ናት። ሞልቶ የቆመ ገንዳ ሥር መተኛት አትችልም። ስለዚህ የምትፈትሸው በራሷ ዘዴ ነው። ጋዜጣ ከሥር አንጥፋ ባልዲ ውሃ በመውረጃው ታፈሳለች፣ ጋዜጣው ካልረጠበ ሥራው ደህና ነው። ጋዜጣው አልረጠበም። ውታፉንም ከላይ ቆማ፣ ባዶው ገንዳ ውስጥ፣ ቀጥ አድርጋ ወደ ላይ ሳበችው። እንደ ጠርሙስ ቡሽ «ጧ» ብሎ ወጣ። ደግማ ሞከረች፣ ወጣ። ደስ አላት።

እሑድ ረፋድ ላይ ውሃውን ሞልታ፣ አባቷን ታቅፋ አስገባችው። ራሱን ከመውረጃው ራቅ ባለው ጫፍ ደገፍ አደረገችው። ከዚያ የሰንሰለቱን ቀለበት በግራ እጁ የመሃል ጣት ላይ አጠለቀችለት። ሐኪሙ እጅዎ ይሥራ ብሏል፣ ውሃው ሲበቃዎ ራስዎ ይንቀሉት አለችው። ግማሹ እውነት ነበር። ጠብታ ሰንሰለቱን ከጣቱ እስከ ውታፉ በዓይኑ ተከተለው። ብዙ ቆየ።

ጀርባውን አሸችው፣ ክንዱን አሸችው። እጇ ዛሬ ታዘዘላት። ፀጉሩን ሳሙና ስትቀባው ግን አረፋው ግንባሩን አልፎ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ጠብታ አጓራ። ግራ እጁ ከውሃው ወጥቶ ወደ ፊቷ ተወረወረ። ሰንሰለቱ ተወጥሮ እጁን መንገድ ላይ ባይዘው ኖሮ ጥርሷን ያወልቅ ነበር፤ በጥፍሩ ብቻ አገኛትና የታችኛው ከንፈሯ ተሰነጠቀ። ሰንሰለቱ እንዲያ ተወጥሮም ውታፉ አልተነቃነቀም። ልብ ልትለው ይገባ ነበር። ልብ አላለችውም፣ ምክንያቱም ጠብታ በዚያ በተጣመመ አፉ፦

«አንቺ ዕውር!» አላት።

ዓይኗ ደም ለበሰ። መዳፏ ማጅራቱን አገኘ፣ ሌላው እጇ ግንባሩን። ደፈቀችው። እንዴት ቀለለ! በውሃው ውስጥ ዓይኑ ተከፍቶ ያያታል፣ ነጭ ፀጉሩ ይንሳፈፋል፣ ደህናው እግሩ የገንዳውን ግድግዳ ይደበድባል። ከከንፈሯ የወረደው ደም ፊቱ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ውሃው ውስጥ እንደ ጭስ ተበተነ። «ዓይንህን ግለጥ» አለች፤ ድምፁ ከየት እንደመጣ አላወቀችም። ትቆጥር ጀመር። አሥር ስትል እንኳ አልከፋትም። ሰንሰለቱ እጁ ላይ ነው አለች በልቧ። መኖር ከፈለገ ይሳበው። እኔ ሳብኩ፣ እሱም ይሳብ። ሃያ። ካልሳበው የራሱ ጉዳይ ነው፣ የራሱ ፈቃድ ነው፣ እኔ የለሁበትም። ሃያ አምስት።

ሃያ ስምንት ላይ ዓይኗ ሰንሰለቱ ላይ ወደቀ።

እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ ነበር። ከጣቱ ተነስቶ እስከ ውታፉ ድረስ ቀጥ ብሎ ይንቀጠቀጣል። ጣቱ ጠቁሯል፣ ቀለበቱ ሥጋው ውስጥ ገብቷል። ጠብታ እየሳበ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ እየሳበ ነው። ያ ወፍራም ውታፍ ግን የሞላ ውሃ ተጭኖት፣ ከጎን ተስቦ፣ ፍንክች አላለም።

እጇ በራሱ ተከፈተ። ጭንቅላቱን በክንዷ አቅፋ ከውሃው አወጣች፣ በሌላው እጇ ሰንሰለቱን ከመሃሉ ይዛ ወደ ላይ መነጨቀችው። ውታፉ ተነቀለ፣ ውሃው ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው እያጓራ ይወርድ ጀመር። ጠብታ ሳለ፣ ተፋ፣ አስመለሰ። ጀርባውን መታችለት። እያለቀሰች ነበር፣ ለእሱ ይሁን ለራሷ አታውቅም። ውሃው ወርዶ አለቀ።

መጀመሪያ የተናገረው እሱ ነው። አፉ ግማሽ ሽባ ነው፣ ቃሉ ግን ጥርት ብሎ ወጣ።

«ባዶ ገንዳ ላይ ነው የሞከርሽው።»

ወይዘሮ መፍቻ አፏን ከፍታ አየችው። ልትገድዪኝ ነበር አላለም። ሥራሽ ጎዶሎ ነው አላት።

«ያንተ ግን ተነቅሎልኝ ነበር» አለችው። በዕድሜዋ አውቃ አንተ ስትለው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በአንድ ሳብታ።»

«ሕፃን እንዲነቅለው አድርጌ ነዋ የገጠምኩት» አለ ጠብታ፣ ድሮ ለደንበኛ ሲናገር እንደሚያደርገው አገጩን ቀና አድርጎ።

ከዚያ የተናገረውን ራሱ ሰማው። አገጩ ቀስ ብሎ ወረደ። ቀለበቱ የቆረጠውን ጣቱን፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ እንቡጡ የነበረበትን የተቦረቦረ ቀዳዳ አየ። እሷም ቀዳዳውን አየችው። ታዲያ ለምን ነቀልከው ብላ ጠየቀችው። ደግማ ጠየቀችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ልታውቀው የፈለገችው ይህን ብቻ ነው፤ የሚሠራውን እያወቀ ነበር ወይስ ሳያውቅ። ያውቅ ነበር።

በሁለት ፎጣ ጠቅልላ አወጣችው። አደረቀችው፣ አለበሰችው፣ ቀለበቱን አውልቃ ጣቱን አሰረችለት፣ አልጋው ላይ አስተኝታ እስከ አንገቱ ሸፈነችው። ይህን ሁሉ ያደረገችው ዓይኑን ሳታይ ነው። ከዚያ ሳታስበው ሰንሰለቱን ከነውታፉ አንስታ ኮሪደሩ ላይ ወጣችና ለወንድሟ ደወለች።

«ና ውሰደው» አለችው። «ሰንሰለቱን እየሳበ ነበር፣ እኔ ግን እየቆጠርኩ ነበር። እሱን ሆኜ ነበር፣ ወንድሜ። ቁርጥ እሱን።»

በሕይወት አለ ወይ ብሎ አልጠየቃትም። አንቺስ ደህና ነሽ ብሎ ጠየቃት። አይደለሁም አለችው። መጣሁ አለ፣ ስልኩን ሳይዘጋ የቁልፉና የበሩ ድምፅ ተሰማት። ሃያ ዓመት ያልረገጠው ደጅ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነበር።

ስልኩን እንዳስቀመጠች ከመኝታ ክፍሉ አባቷ ተጣራ። ውሃ ይፈልጋል፣ ጉሮሮው ደርቋል። ኩሽና ገብታ ብርጭቆ ሞላች። ይዛው እስከ በሩ መጣች። ከዚያ ወዲያ እግሯ እምቢ አለ። ሌላው እጇ እስካሁን ያንን ጥቁር ውታፍ ጨብጦ እንደያዘ ያየችው ያኔ ነው፣ ሰንሰለቱ እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሏል። አባቷ ደግሞ ተጣራ፣ በዚህኛው ልጄ አላት። ብርጭቆውን እንደያዘች ደፉ ላይ ቆመችና ውሃውን የሚሰጠው ወንድሟ እስኪመጣ ድረስ ጠበቀች።